ውድ የእጅ ሰዓት ከጅማ ወደ ውጭ አገር ሲላክ፦ ዋጋ ማስመዝገብና ኢንሹራንስ መግባት

ኢንሹራንስ ተገብቶለትም ሰዓቱ ሲጠፋ አንድ ብር ካሳ የማይከፈልበት ጊዜ አለ። ችግሩ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ወረቀቱ ላይ ነው። ላኪው ለኢንሹራንሱ 2,400 ዶላር ብሎ፣ ተቀባዩ ቀረጥ እንዳይበዛበት ደግሞ ለጉምሩኩ 80 ዶላር ብሎ ጽፏል። የካሳ ጥያቄ ሲቀርብ የመድን ድርጅቱ መጀመሪያ የሚያገላብጠው ኢንቮይሱንና የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ካልተስማሙ ወይ ለመድኑ ተዋሽቷል፣ ወይ ለጉምሩኩ። በየትኛውም በኩል ቢሆን ጥያቄውን ውድቅ ለማድረግ በቂ ምክንያት ይሆናል። የተቀባዩ አገር ጉምሩክም ሰዓቱን ይዞ ማቆየት፣ መቅጣት ወይም መውረስ ይችላል።

ይህ መመሪያ ጅማ ላይ ሆነው አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ለጥገና፣ ለስጦታ ወይም ለሽያጭ ወደ ውጭ ለሚልኩ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። በንግድ ፈቃድ በብዛት የሚልክ ሰው ትራንዚተሩን ይዞ ሌላ መንገድ ይሄዳል።

ሦስት ቦታ የሚጻፍ አንድ ዋጋ

በኩሪየር ኤርዌይ ቢል (ከጥቅሉ ጋር በሚሄደው የአየር ጭነት ሰነድ) ላይ ዋጋ የሚጠየቅባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው ለጉምሩክ የሚገለጸው ዋጋ ነው፤ ቀረጥና ታክስ የሚሰላበት እሱ ነው። ሁለተኛው ለማጓጓዝ የሚገለጸው ዋጋ ነው፤ ዕቃው ቢጠፋ አጓጓዡ እስከ ስንት ድረስ ተጠያቂ እንደሚሆን የሚወስነው እሱ ነው። ሦስተኛው ቦታ የኢንሹራንስ ፖሊሲው ላይ ነው። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ሞልቶ «ኢንሹራንስ ገብቻለሁ» ብሎ ይሄዳል። ያ ኢንሹራንስ አይደለም። የአጓጓዡን የኃላፊነት ጣሪያ ከፍ ያደርገዋል እንጂ አጓጓዡ በውሉ ላይ ያሰፈራቸውን ማምለጫዎች አያነሳም።

ለማጓጓዝ የሚገለጸውን ቦታ ባዶ ቢተዉትስ? ዓለም አቀፍ የአየር ጭነት የሚዳኘው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው የሞንትሪያል ስምምነት ነው፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። በስምምነቱ መሠረት አጓጓዡ የሚከፍለው በዕቃው ክብደት ልክ ነው። ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጣሪያው በኪሎ 26 ኤስዲአር ነው፤ ኤስዲአር የዓለም ገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ሲሆን አንዱ ከአንድ ዶላር ከሠላሳ ሳንቲም በላይ ነው። እንግዲህ ያስሉት። ማሸጊያውን ጨምሮ 600 ግራም የሚመዝን ጥቅል ቢጠፋ 15.6 ኤስዲአር ይከፈላል፤ ይህም 20 ዶላር አካባቢ ነው። ውስጡ የነበረው ካሲዮም ይሁን ሮሌክስ፣ ለስምምነቱ ሁለቱም 600 ግራም ናቸው። የእህል ጆንያና የወርቅ ሰዓት በአንድ ሚዛን ይለካሉ ማለት ነው።

ቦታውን ሞልተውትም ቢሆን ጣሪያ አለው። በርካታ ኩሪየሮች ሰዓትን ከጌጣጌጥ ጋር «ልዩ ዋጋ ያላቸው ዕቃዎች» ከሚሉት ዝርዝር ውስጥ ያስገቡታል። ለምሳሌ ፌዴክስ በውል ሁኔታዎቹ ላይ እንዲህ ላሉ ዕቃዎች የሚቀበለውን የተገለጸ ዋጋ በ1,000 ዶላር ይገድባል። ስለዚህ 5,000 ዶላር ብለው ከፍለውበት እንኳ ከ1,000 በላይ ላያገኙ ይችላሉ። ከመክፈልዎ በፊት የሚልኩበትን ኩሪየር የውል ሁኔታ ያስወጡና «ሰዓት» የሚለው ቃል የት የት እንዳለ ይፈልጉ። አንዳንዱ ጨርሶ አይቀበልም፤ አንዳንዱ ይቀበላል ግን አይክስም።

ዋጋው ራሱ ከየት ይምጣ? ሽያጭ ከሆነ ገዢው በእርግጥ የከፈለው ነው። ስጦታ ከሆነ ያው ሞዴል፣ በዚያው ዕድሜና ሁኔታ ላይ ያለ፣ ዛሬ ገበያ ላይ የሚያወጣው ነው። ስጦታ ስለሆነ ዋጋ የለውም የሚባል ነገር የለም። ለጥገና የሚሄድም ቢሆን የዛሬ የገበያ ዋጋው ይጻፋል። «የንግድ ዋጋ የለውም፣ 1 ዶላር» ብሎ መጻፍ የተለመደ ስህተት ነው። ሰዓቱ መንገድ ላይ ቢጠፋ ያቺ አንድ ዶላር ናት የምትጠብቅዎት።

ማስረጃ፣ ከማሸግ በፊት

ዋጋውን መጻፍ ብቻውን አይበቃም፤ ማስረዳት አለ። የመግዣ ደረሰኝ ካለ ጥሩ። ከአባት ወይም ከአያት የተወረሰ ከሆነ ግን ደረሰኝ አይኖርም፤ እንዲያ ሲሆን የጽሑፍ ግምት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ጅማ ውስጥ ወርቅ ቤት ወስደው ካስገመቱት ወርቅ ቤቱ የሚገምተው የወርቁን ግራምና ካራት ነው፤ ሰዓትነቱን አይደለም። 18 ካራት የሆነ አሮጌ ኦሜጋ ከወርቁ ዋጋ በላይ ሊያወጣ ይችላል። ብረት ሆኖም ከብዙ ወርቅ የሚበልጥ ሰዓት አለ። ስለዚህ ግምቱን ሰዓት ከሚሸጥ ወይም ከሚጠግን ሰው ያግኙ። ወረቀቱ ላይ የሞዴል ቁጥር፣ ሲሪያል ቁጥር፣ የአካሉ ማዕድን፣ የማሽኑ ዓይነት፣ ያለበት ሁኔታ፣ ቀንና ማኅተም ይኑር። በዚያ ላይ ያው ሞዴል በቅርቡ የተሸጠባቸውን ሁለት ሦስት የኢንተርኔት ማስታወቂያዎች አትመው ያያይዙ።

ሲሪያል ቁጥሩ የሚገኝበት ቦታ እንደ ፋብሪካው ይለያያል። በአሮጌ ሮሌክስ ላይ ማሰሪያው ከሚገባበት ጥርስ መካከል፣ በ6 ሰዓት አቅጣጫ ነው፤ ለማየት ሰንሰለቱ መውጣት አለበት። በአዲሶቹ ላይ ከመስታወቱ ሥር ባለው የውስጥ ቀለበት ላይ ተቀርጿል። ሴይኮ ከጀርባው ክዳን ላይ ነው፤ ባለ ስድስት አሃዝ ከሆነ የመጀመሪያው አሃዝ የተሠራበት ዓመት መጨረሻ፣ ሁለተኛው ወሩ ነው። በአሮጌ ኦሜጋ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ማሽኑ ላይ ስለሆነ ክዳኑ ሳይከፈት አይታይም። ውሃ እንዳይገባበት ተደርጎ የታሸገ ሰዓት ከሆነ ለቁጥሩ ሲባል ብቻ አይክፈቱት፤ ጎማው ተበላሽቶ ሌላ ጣጣ ይመጣል። የሚያውቅ ሰዓት ሠሪ ይክፈተው፣ ጎማውን አይቶ ይዝጋው።

ፎቶ ሲያነሱ ገጹን፣ ጀርባውን፣ ሁለቱንም ጎኖች፣ መጠምዘዣውን፣ የሰንሰለቱን መቆለፊያና ቁጥሮቹን ለየብቻ ያንሱ። ጭረት ካለ አይደብቁት፤ በቅርብ ያንሱት። የተደበቀ ጭረት በኋላ «ድሮም የነበረ ነው» የሚያሰኝ የተከራካሪ መሣሪያ ይሆናል። ሰዓት ሠሪው የማሽን መለኪያ ካለው ውጤቱን ያስወጡ፤ በቀን ስንት ሴኮንድ እንደሚቀድም ወይም እንደሚዘገይ፣ የሚዛኑ መንኮራኩር ወዝዋዜ ስንት ዲግሪ እንደሆነ። ጤነኛ ሜካኒካል ሰዓት ሙሉ ተጠምዝዞ ከ270 እስከ 310 ዲግሪ አካባቢ ይወዛወዛል። ሲላክ 285 የነበረው ሲደርስ 180 ካሳየ መንገድ ላይ ምን እንደደረሰበት መከራከሪያ አለዎት ማለት ነው። ያለዚህ ወረቀት ግን ላዩ ያልተቧጨረ ሰዓት ወድቆ ተጎድቷል ብሎ ማሳመን በጣም ከባድ ነው።

ዲክላራሲዮኑ ላይ ምን ይጻፋል

በፖስታ ከሆነ የዓለም ፖስታ ኅብረት ሁለት ቅጾች አሉት። ሲኤን 22 የሚባለው ትንሹ እስከ 300 ኤስዲአር ዋጋ ላለው ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ሲኤን 23 ይሞላል፤ ውድ ሰዓት ሁልጊዜ እዚህኛው ውስጥ ይወድቃል። ቅጹ በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ይሞላል። በኩሪየር ከሆነ ኢንቮይስ ይዘጋጃል፤ ሽያጭ ካልሆነ ፕሮፎርማ፣ ማለትም ሽያጭ ሳይኖር ዋጋውን ለመግለጽ ብቻ የሚጻፍ ኢንቮይስ፣ ይሆናል።

«ሰዓት» ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም። ጉምሩኩ እንዳይጠይቅዎ በአንድ መስመር ይጨርሱት፦ ያገለገለ የወንድ የእጅ ሰዓት፣ አውቶማቲክ ሜካኒካል፣ አካሉ ስቴንለስ ብረት፣ ማሰሪያው ብረት፣ ስሙና ሞዴሉ፣ ሲሪያል ቁጥሩ፣ ብዛት 1፣ በስዊዘርላንድ የተሠራ፣ ለጥገና የሚላክና የሚመለስ። ከጎኑ የታሪፍ ኮዱ፣ ማለትም ጉምሩክ ዕቃዎችን የሚመድብበት ቁጥር።

ኮዱን መምረጥ ቀላል ይመስላል፤ ግን የሚሳሳትበት ብዙ ነው። አካሉ ሙሉ በሙሉ ከወርቅ፣ ከብር ወይም ከፕላቲነም የሆነ፣ ወይም በከበረ ማዕድን የተለበጠ የእጅ ሰዓት 9101 ውስጥ ይገባል። ሌላው ሁሉ 9102 ነው። በኤሌክትሮ የወርቅ ቀለም የተቀባ ሰዓት ወርቅ አይደለም፤ 9102 ነው። አካሉ ወርቅ ሆኖ የጀርባ ክዳኑ ብረት የሆነ ሰዓትም 9102 ነው፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ባለ ብረት አካል አውቶማቲክ 9102.21፣ በእጅ የሚጠመዘዝ 9102.29፣ በባትሪ የሚሠራና ቀስት ብቻ ያለው 9102.11 ነው። ማሰሪያ ብቻውን ከሄደ 9113፣ የማሽን ዕቃ ብቻ ከሆነ 9114።

የተሠራበት አገርና የተላከበት አገር ይለያያሉ። ስዊዘርላንድ የተሠራ ሰዓት ጅማ ሃያ ዓመት ቢታሰርም የተሠራበት አገር ስዊዘርላንድ ነው። «ኢትዮጵያ» ብሎ መጻፍ ሐሰት ነው፤ ቀረጡም በተሠራበት አገር ስለሚወሰን በተለይ አሜሪካ ሲገባ ልዩነት ያመጣል። አሜሪካ ከ800 ዶላር በታች ለሆነ ጥቅል ትሰጠው የነበረውን ከቀረጥ ነጻ መግቢያ ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ጀምሮ አቁማለች፤ «ከ800 በታች ጽፌ ላሳልፈው» የሚለው የድሮ ምክር እንግዲህ በሁለት በኩል ጎጂ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከግለሰብ ለግለሰብ የሚላክ ስጦታ ነጻ የሚሆነው እስከ 45 ዩሮ ብቻ ነው። ስዊዘርላንድ ከጃንዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢንዱስትሪ ዕቃ ላይ ቀረጥ አትጥልም፤ ተጨማሪ እሴት ታክሷ ግን 8.1 በመቶ ነው። ለጥገና የሚላክ ከሆነ ጥገና ቤቱ እንዴት እንደሚገባ የራሱ መመሪያ ስላለው አስቀድመው ጠይቀው ቃል በቃል ይከተሉት።

ስለ አስመሳይ ሰዓት አንድ ቃል። ስዊዘርላንድ የግል ንብረት ቢሆንም አስመሳይ ሰዓት ጉምሩክ ላይ ልትይዝና ልታጠፋ ትችላለች። ከሰው የገዙት ሰዓት ትክክለኛነት ካጠራጠረዎት ወደ ጄኔቫ ከመላክዎ በፊት እዚህ ያስመርምሩት።

ማሰሪያው ያልተጠበቀ መሰናክል ነው። የአዞ ወይም የአሊጌተር ቆዳ በሳይተስ (የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ) ስምምነት የተጠበቀ ነው፤ ያለ ፈቃድ ወረቀት ድንበር ሲያቋርጥ ይያዛል፤ አንዳንዴም ማሰሪያው ብቻ ሳይሆን ጥቅሉ በሙሉ ይቆማል። ኢትዮጵያ ውስጥ ፈቃዱን የሚመለከተው የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ለአንድ ማሰሪያ ፈቃድ ከመሯሯጥ ማሰሪያውን አውልቆ ቤት ማስቀመጥ ይሻላል፤ ጠጋኙ የሚፈልገው ሰዓቱን ነው።

ባትሪውም ይጠየቃል። ተራ የኳርትዝ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው እንደ ኤስአር 626 ባለች 1.55 ቮልት የብር ኦክሳይድ ባትሪ ነው፤ ሊቲየም አይደለችም። 3 ቮልት የሆነችው፣ ስሟ በሲአር የሚጀምረው፣ ሊቲየም ናት። ሰዓቱ ውስጥ እስካለች ድረስ ችግሩ አነስተኛ ነው፤ ለብቻዋ መለዋወጫ አድርጎ አብሮ ማሸግ ግን ጣጣ ስላለው ይተዉት። ስማርት ሰዓት ዩኤን 3481 በሚባለው ምድብ ውስጥ ስለሚገባ በግልጽ ይነገር። ሜካኒካል ከሆነ «ባትሪ የለውም» ብሎ መጻፉ የኤክስሬይ ጠያቂን ያሳርፋል።

አሮጌ ሰዓት ከሆነ ደግሞ የቅርስ ጉዳይ አለ። ገጹ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል፣ አርማ ወይም የቤተ መንግሥት ስጦታ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ያለበት ሰዓት ከአገር ከመውጣቱ በፊት የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ይየው። እንዲህ ያለ ሰዓት የባለቤትነት ማስረጃውም ሊጠነክር ይገባል፤ በኅዳር 2010 ጄኔቫ ላይ በክሪስቲስ ለጨረታ ሊቀርብ የነበረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፓቴክ ፊሊፕ ከጨረታው የወጣው በባለቤትነት ክርክር ነው።

ኢንሹራንሱ

የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ጅማ ላይ ቅርንጫፍ አለው፤ የግል ድርጅቶችንም አወዳድሩ። የሚጠይቁት የማሪን ካርጎ ክፍልን ነው፤ የአየር ጭነትም የሚሸፈነው በዚሁ ነው። ዋጋውን ከመጠየቅዎ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ያስቀድሙ፦ «ሰዓትና ጌጣጌጥ በፖሊሲያችሁ ወይም በሪኢንሹራንስ ውላችሁ ከሽፋን ውጭ ነው ወይ?» ሪኢንሹራንስ የመድን ድርጅቱ ራሱ ከሌላ መድን ድርጅት የሚገባው ኢንሹራንስ ነው። መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ብዙ የካርጎ ፖሊሲ እነዚህን ዕቃዎች ያገልላል ወይም ከዋናው መሥሪያ ቤት ልዩ ፈቃድ ይፈልጋል። የቅርንጫፉ ሠራተኛ በቅን ልቦና «ይሸፈናል» ቢልዎ ፖሊሲው ላይ እስካልሰፈረ ድረስ አይጠቅምዎትም። ልዩ ፈቃዱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጊዜ ስለሚወስድ ኩሪየሩን ከመጥራትዎ በፊት ይጀምሩ።

ከዚያ አንቀጾቹ ይመጣሉ። ዓለም አቀፉ የካርጎ አንቀጽ ኤ፣ ቢ እና ሲ የሚባሉ ሦስት ደረጃዎች አሉት፤ ሰፊው ኤ ነው። ቢ እና ሲ በስም የተዘረዘሩ አደጋዎችን ብቻ ስለሚሸፍኑ ስርቆት ውስጣቸው የለም። ለሰዓት ደግሞ ዋናው አደጋ ስርቆት ነው፤ ርካሽ ነው ብለው ሲ ከገቡ የገዙት ወረቀት ብቻ ነው። ለአየር ጭነት የተለየ የአየር አንቀጽ አለ፤ ሽፋኑ ከኤ ጋር ይመሳሰላል። ነገር ግን ርዕሱን ያንብቡት፤ በፖስታ የሚላክን እንደማይጨምር እዚያው ላይ ተጽፏል። ስለዚህ በኢኤምኤስ (በፖስታ ቤት ፈጣን አገልግሎት) ወይም በፖስታ ፓርሴል እየላኩ የአየር አንቀጽ ያለበት ፖሊሲ ከያዙ ሽፋን የለዎትም። በፖስታ የሚልኩ ከሆነ ፖሊሲው የፖስታ ጭነትን በስም ይጥቀስ፤ አለበለዚያ ኩሪየር ይምረጡ።

ፖስታ ቤት ራሱ የሚሰጠው የዋስትና አገልግሎትም አለ። የዓለም ፖስታ ኅብረት ሕግ ወርቅ፣ ብር፣ ጌጣጌጥና ሌላ ውድ ዕቃ ዋስትና በሌለው ደብዳቤ ውስጥ ማስገባት ይከለክላል። ዋስትና ያለው ጥቅል ደግሞ ሁሉም አገር አይቀበልም፤ የሚቀበለውም የየራሱ ጣሪያ አለው። ፖስታ ቤት መስኮት ላይ የመድረሻውን አገር ስም ጠርተው ሁለቱንም ይጠይቁ።

አሁን የጅማ ሰው በተለይ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር። በእነዚህ አንቀጾች መሠረት ሽፋኑ የሚጀምረው ዕቃው ፖሊሲው ላይ ከተጠቀሰው ቦታ ሲንቀሳቀስ ነው። ቅጽ የሚሞላው ሰው በልማድ «ከአዲስ አበባ» ወይም «ከቦሌ ኤርፖርት» ብሎ ከጻፈ የጅማ–አዲስ አበባው 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ያለ ሽፋን ቀረ ማለት ነው። «ከጅማ፣ ከላኪው አድራሻ፣ እስከ ተቀባዩ አድራሻ» ተብሎ ይጻፍ። እዚያው ላይ ሰዓቱ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድበት መንገድም ይገለጽ። በኩሪየሩ ራሱ ከሆነ ጥሩ። ለአውቶቡስ ረዳት ወይም ወደ አዲስ ለሚሄድ ዘመድ «አድርስልኝ» ብሎ መስጠት ግን ሰንሰለቱን ይበጥሳል፤ ያለ ደረሰኝ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ዕቃ የት እንደጠፋ ማስረዳት አይቻልም። ከሁሉ የሚሻለው ራስዎ ከአባ ጅፋር ኤርፖርት በእጅ ሻንጣ ይዘው ሄደው አዲስ አበባ ላይ ለኩሪየሩ ማስረከብ ነው። ሻንጣ ክፍል የሚገባ ቦርሳ ውስጥ በፍጹም አይጨመርም።

ጦርነትና አድማ፣ ሁከትም ጭምር፣ ከመሠረታዊው አንቀጽ ውጭ ናቸው። በተጨማሪ አረቦን (የኢንሹራንስ ክፍያ) የሚገዙ የየራሳቸው አንቀጾች አሏቸው። የጦርነት አንቀጹ ግን በየብስ ላይ ያለውን ጉዞ አይሸፍንም፤ የአድማና የሁከት አንቀጹ ይሸፍናል። መንገድ በሚዘጋበት ወቅት የምትጨመረው አረቦን ዋጋዋ ትንሽ ነው፤ አይዝለሏት።

የሚገባው መጠን እንዲህ ይሰላል። የሰዓቱ ዋጋ 2,400 ዶላር፣ የማጓጓዣው 120 ዶላር ቢሆን ድምሩ 2,520 ነው። በንግዱ ልማድ 10 በመቶ ይጨመርበታል፤ 2,772 ዶላር ይሆናል። አረቦን ለመቀነስ ግማሹን ብቻ መግባት ብልህነት አይደለም። 2,400 የሚያወጣውን በ1,200 ካስገቡና 600 ዶላር የሚያስወጣ ጉዳት ቢደርስ የሚከፈልዎ 600 አይደለም። ግማሹን ዋጋ ስላስገቡ የጉዳቱ ግማሽ፣ 300 ዶላር ነው፤ ከዚያ ላይም ተቀናሹ፣ ማለትም በፖሊሲው መሠረት እርስዎ የሚሸከሙት ድርሻ፣ ይነሳል። ገበያ ላይ በቀላሉ የማይገኝ አሮጌ ሰዓት ከሆነ ደግሞ «የተስማማ ዋጋ» የሚል ፖሊሲ ይጠይቁ፤ ሲጠፋ ዋጋው ስንት ነበር በሚለው ላይ ክርክር አይነሳም።

በመጨረሻ የማይከፈልባቸውን ያንብቡ። የማሸግ ጉድለት፣ ከመዘግየት የመጣ ኪሳራ፣ ዕቃው ውስጥ ድሮም የነበረ ችግር፣ የውጭ ምልክት የሌለው የማሽን መበላሸት። ሰዓት በማግኔት ተነካክቶ በቀን ብዙ ደቂቃ መቅደም ቢጀምር ካሳ አይጠየቅበትም፤ ሰዓት ሠሪ በማግኔት ማጥፊያ በአንዴ ያስተካክለዋል።

ማሸግ

የፋብሪካውን ትልቅ የማስዋቢያ ሳጥን አብረው አይላኩ። ኩሪየር በክብደት ብቻ አያስከፍልም፤ ርዝመት በስፋት በቁመት በሴንቲሜትር ተባዝቶ ለ5,000 ይካፈላል። 30 በ25 በ20 የሆነ ካርቶን 3 ኪሎ ያስከፍላል፤ 20 በ15 በ10 የሆነው 600 ግራም። ዋስትና ካርዱም ለብቻው በሌላ ቀን ቢሄድ ይመረጣል፤ ሰዓቱን የሰረቀ ሰው ወረቀቱን ጭምር ካገኘ ለመሸጥ ይመቸዋል።

መጠምዘዣው ተገፍቶ ወይም ተጠምዝዞ ይዘጋ። ሰንሰለቱ የጀርባውን ክዳን እንዳይፈገፍግ በመካከሉ ለስላሳ ጨርቅ ያስገቡ፣ ሰዓቱን በቀጭን ስፖንጅ ይጠቅልሉ፣ ባለ 5 ግራም ከሆኑ ሁለት የሲሊካ ጄል (እርጥበት መምጠጫ) ከረጢቶች ጋር በሚዘጋ ፕላስቲክ ውስጥ ያድርጉት። የጅማ ክረምት እርጥብ ነው፤ አየሩ ሲረጥብ ያሸጉት እርጥበት አውሮፕላኑ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ወደ ጤዛነት ይለወጣል። በደረቅ ክፍል ውስጥ ያሽጉ። ከመስታወቱ ሥር አስቀድሞ ጉም ካለ ሰዓት ሠሪ ከፍቶ ያድርቀው፤ እንደዚያው ከላኩት ዝገቱን መድኑ «ድሮም የነበረ» ይለዋል።

ይህ ትንሽ ጠንካራ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ እሱ ደግሞ በሁሉም ጎን 5 ሴንቲሜትር መሙያ ባለው ሁለተኛ ካርቶን ውስጥ። ሲነቀነቅ ምንም ድምፅ መሰማት የለበትም። ካርቶኑ ላይ የሰዓት ስም፣ የሱቅ ስም ወይም «ውድ ዕቃ» የሚል ጽሑፍ አይኑር። የኢንቮይሱ ቅጂ ከውጭ ካለው ኪስ ሌላ አንዱ ውስጥም ይኑር። መጋጠሚያዎቹ ሁሉ በፕላስተር ይሸፈኑ፤ በመጋጠሚያው ላይ ይፈርሙና ፎቶ ያንሱ።

ከዚያ የታሸገውን ጥቅል በግራም ያስመዝኑ፤ ወርቅ ቤት ወይም ቡና ቅምሻ ቤት ያለ ትንሽ ሚዛን ይበቃል። ያ ቁጥር ኤርዌይ ቢሉ ላይ ከሚጻፈው ጋር ይስማማ። 620 ግራም ሆኖ የወጣ ጥቅል 480 ግራም ሆኖ ከደረሰ ማን እንደሰረቀ ባይታወቅም መሰረቁ ይታወቃል።

ለጥገና ሄዶ ሲመለስ

ተጠግኖ የሚመለስ ሰዓት እንደ አዲስ ዕቃ ሙሉ ቀረጥ እንዳይጠየቅበት፣ ሲወጣ በጊዜያዊ ወጪ ሥርዓት በሲሪያል ቁጥሩ መመዝገብ አለበት። በመደበኛ ወጪ ወይም ያለ ዲክላራሲዮን ከወጣ ሲመለስ የእርስዎ መሆኑን ማሳየት አስቸጋሪ ነው። የጉምሩክ ኮሚሽን ጅማ ቅርንጫፍ ወይም ኩሪየሩ ቦሌ ላይ ያለው ትራንዚተር ይህን ሥርዓት ከመላክዎ በፊት ይክፈትልዎ፤ ከወጣ በኋላ ማስተካከል የለም።

ልዩነቱን በቁጥር ለማየት ለምሳሌ ብቻ ቀረጡን 20 በመቶ እናድርገው። ዋጋው፣ ኢንሹራንሱና ማጓጓዣው 100,000 ብር ሆኖ ሙሉ ቢታሰብበት ቀረጥ 20,000 ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስ በ120,000 ላይ 15 በመቶ፣ 18,000። ሱር ታክስ በ138,000 ላይ 10 በመቶ፣ 13,800። ድምሩ 51,800 ብር። በጥገናው ወጪ ላይ ብቻ፣ 20,000 ብር ይሁን፣ ቢሰላ በዚያው አካሄድ 10,360 ብር ነው። የጥገና ቤቱ ኢንቮይስ ስለዚህ የሥራውንና የመለዋወጫውን ዋጋ ለይቶ፣ የሰዓቱን ሲሪያል ቁጥር ጠቅሶ ይምጣ። በመመለሻው መንገድ ማን ኢንሹራንስ እንደሚገባም አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ የሄደበት ፖሊሲ የመመለሻውን አይሸፍንም።

ሲደርስና ሲጠፋ

ተቀባዩ ከመፈረሙ በፊት ካርቶኑን ዞሮ ይመልከት። ፕላስተሩ ተነስቶ እንደገና ከተለጠፈ፣ ፊርማው ካልገጠመ፣ ክብደቱ ከቀነሰ፣ ያንን መረከቢያው ላይ ጽፎ ይፈርም። «በደህና ተረከብኩ» ብሎ ከፈረመ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ አቅሙ ደካማ ነው። ከዚያ ካሜራ ሳይቆራረጥ እየቀረጸ፣ መጀመሪያ መለያ ወረቀቱን፣ ቀጥሎ ሚዛኑን፣ ከዚያ መከፈቱን፣ በመጨረሻ ሲሪያል ቁጥሩን ያሳይ።

ጉዳት ከተገኘ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ለአጓጓዡ በጽሑፍ ማሳወቂያው ቀን ከተረከቡበት ጀምሮ 14 ቀን ነው፤ ለመዘግየት 21 ቀን። ክስ የሚቀርበው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። የመድን ድርጅቱን ግን በዚያኑ ቀን ያሳውቁ፤ ገማች እስኪልክ ድረስ ካርቶኑን፣ ስፖንጁን፣ ፕላስተሩን ሳይቀር ይዘው ይቆዩ፣ ሰዓቱንም አያስጠግኑ። አጓጓዡ ትንሽ ገንዘብ አቅርቦ «ከዚህ በኋላ አልጠይቅም» የሚል ወረቀት ሊያስፈርምዎ ይችላል። መድን ድርጅቱን ሳይጠይቁ አይፈርሙ። እርስዎን ከከፈለ በኋላ አጓጓዡን የሚጠይቀው እሱ ነው፤ ያንን መብት በፊርማዎ ከዘጉት የእርስዎንም ካሳ ሊከለክል ይችላል።

ለካሳው የሚቀርበው ፋይል ፖሊሲውን፣ ኤርዌይ ቢሉን፣ ኢንቮይሱን፣ ዲክላራሲዮኑን፣ ግምቱን፣ ፎቶዎቹን፣ የማሽን መለኪያ ውጤቱን፣ ለአጓጓዡ የተጻፈውን ማሳወቂያና የሰጠውን መልስ ይይዛል። ስርቆት ከሆነ የፖሊስ ማስረጃ ይጨመራል፤ ጥቅሉ መንገድ ላይ የጠፋ ከሆነ የአጓጓዡ «አላገኘሁትም» የሚል ደብዳቤ። ሁሉም ላይ ያው ሲሪያል ቁጥርና ያው ዋጋ መኖሩን ከማስገባትዎ በፊት አንድ በአንድ ያመሳክሩ።